የሚኒሶታ ዛፍ

የሚኒሶታ ግዛት ወፍ ሉን ትባላለች። አበባዋ ሮዝና ነጭ ሆኖ የሴት ጫማ የመሰለ ነው። ዋና ከተማዋ ሴንት ፖል ነው። የራሷ ዓሣ አላት፤ የራሷ እንጉዳይ አላት፤ መጠጧ ደግሞ ወተት ነው። አዎ፣ መጠጥም አላት፤ በሕግ የተደነገገ ነው። ይህን ሁሉ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ በቃሌ አውቀዋለሁ። እኔ ራሴ አውሮፕላን በላዬ ሲያልፍ አያለሁ እንጂ ተሳፍሬ አላውቅም። ግን ይቺን ዕውቀቴን ይዤ የአንዲት እናት መንገድ ዘጋሁ። ለንስሐ አባቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ ስግደት ሰጡኝ፤ ሰገድኩ። ጉልበቴ ደከመ እንጂ ልቤ አልቀለለም።

እናትየውን እማማ እላቸዋለሁ። ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤቴ ናቸው። ተወልደው ያደጉት እንጦጦ ማርያም ግርጌ ነው፤ የተዳሩትም፣ ባላቸውን የቀበሩትም እዚያው ነው። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት። ልጅቷ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣላት እናቷን ከዳገቱ አውርዳ እዚህ አስገባቻቸው፤ ዓመት ሳይሞላ ደግሞ አግብታ ሚኒሶታ ሄደች። እማማ የእኛን ደረጃ ሲወጡ ግድግዳውን በእጃቸው እየደገፉ፣ «እንጦጦን ስወጣ አንድ ቀን እንዲህ አልደከመኝም፤ ይሄ ሲሚንቶ ነው ጉልበት የሚበላው» ይላሉ።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። አያት አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ሃያ ዓመት ያህል አስተምሬያለሁ። ድሮ ካርታ ይዤ ክፍል ስገባ ተማሪው ዝም ይል ነበር። አሁን የአንድ አገር ዋና ከተማ ስጠይቅ ከኋላ አንዱ፣ «ቲቸር፣ ጎግል እኮ አለ» ይላል። ሌላው ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ሆዴ ግን አይስቅም። ይህን የማነሳው ሰበብ ለማቅረብ አይደለም። ሰው አንድ ጊዜ እንኳ አፉን ከፍቶ ቢያዳምጠኝ ምን ያህል እንደምቀብጥ እንድታውቁት ነው።

አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እማማ በራችንን አንኳኩ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ናቸው፤ ፊታቸው ያበራል።

«መምህር፣ ልጄ ልትወልድ ነው!» አሉኝ። «አምስት ወሯ ነው። ነይልኝ ብላለች። ሄጄ ላርሳት ነው።»

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና እልልታዋን ለቀቀችው። መቼም የበኩር ልጅ ሲወለድ እናት አጠገብ አለመኖር ማለት እኛ ዘንድ ምን እንደሆነ የታወቀ ነው። ገንፎው አለ፤ ሕፃኑን ማጠቡ አለ፤ አራሷን ወገቧን ማሰሩ አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አራሷ ያለ ምክንያት ስታለቅስ «አይዞሽ፣ እኔም እንዲሁ ነበርኩ» የሚላት ሰው አለ። እማማ የሚሄዱት ለዚህ ነበር። አሜሪካን ለማየት ብለው አልነበረም። እንጦጦ ጫፍ ላይ ቆመው አዲስ አበባን ቁልቁል ካዩ ለእሳቸው ዓለም ይበቃቸዋል።

ልጅቷ የግብዣውን ወረቀት ላከች፤ ፎርሙን እኔ ሞላሁ፤ የቃለ መጠይቅ ቀጠሮ ወጣ። እዚህ አገር አንድ ሰው የኤምባሲ ቀጠሮ ሲወጣለት ሕንፃው ሙሉ ቆንስላ ይሆናል። ደረጃ ላይ የሚያገኛቸው ሁሉ ይመክራቸዋል። አንዷ «ጥርስዎን አያሳዩ፣ ኮስተር ይበሉ» ትላለች፤ ሌላዋ «ኧረ ፈገግ ይበሉ» ትላለች። የምድር ቤቱ ሱቅ ባለቤት ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልጄን ላርስ ነው እንዳይሉ! ሞግዚት ሊሆኑ ነው ብለው በዚያው ይዘጉብዎታል። አገር ልጎበኝ ነው ይበሉ» አላቸው። እሱ ራሱ ሁለት ጊዜ ተከልክሏል። የተከለከለ ሰው ምክር እንዴት ሰማን? ሰማን እንጂ! እንዲያውም እኔ ነኝ ከሁሉ አብልጬ የሰማሁት።

«ጎብኚ ከሆኑ የሚጎበኙትን ማወቅ አለብዎት» አልኳቸው። «ከነገ ጀምሮ እናጠናለን።»

እማማ የሕንፃውን ኮሚቴ ሰብሳቢ ልጅ ልከው አንድ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር አስገዙ። በመሠረተ ትምህርት ዘመን የተማሯትን ፊደል አሁንም አልረሷትም፤ ትልልቅ አድርገው፣ እስክሪብቶውን ጨምድደው ይዘው ይጽፋሉ። በየማታው እራት ሳይቀርብ ይመጡና ሶፋው ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። እኔ የድሮ አትላሴን እዘረጋለሁ። ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ታዳምጣለች።

«ዋና ከተማዋ ሴንት ፖል ነው፤ ቅዱስ ጳውሎስ ማለት ነው» ስላቸው ቀና አሉ።

«በቅዱስ ጳውሎስ ስም ነው ከተማው? ታዲያ እኔ ምን አስፈራኝ!»

ሐይቆቹን ነገርኳቸው፤ አሥር ሺ ሐይቅ ይባላል፣ ሲቆጠር ግን ከዚያም ይበልጣል። ወተቱን ስነግራቸው፣ «በፆም ምን ይጠጣሉ?» ብለው አፋጠጡኝ። ባንዲራውን ከአትላሴ አሳየኋቸው፤ አንድ ገበሬና አንድ ፈረሰኛ ያለበት ነው። በማግስቱ ባለቤቴ በስልኳ ፈልጋ ባንዲራው መቀየሩን ደረሰችበት፤ አሁን ሰማያዊ ላይ ነጭ ኮከብ ብቻ ነው። ተናደድኩ፤ ሚስቴ ተማሪዬ ፊት አሳፈረችኝ። እማማ ግን ፈረሰኛውን በእስክሪብቶ ሰረዙና፣ «ባንዲራ የሚቀያይር እኛ ብቻ መስሎኝ ነበር» አሉ። ሦስታችንም ሳቅን።

እንዲህ ያለ ተማሪ አጋጥሞኝ አያውቅም። ሉኗን የነገርኳቸው ቀን ትዝ ይለኛል። ጥቁርና ነጭ የውሃ ወፍ ናት፤ ዓይኗ ቀይ ነው፤ ጫጩቶቿ ሲደክማቸው ጀርባዋ ላይ ጭና ትዋኛለች።

«ታዝላለች?» አሉ እማማ።

«እንደ ማዘል ነው።»

«ወፍ ታዝላለች!» ብለው አጨበጨቡ። ከዚያ ወደ ቤታቸው ወርደው አንቀልባ ይዘው መጡ። ልጃቸውን ያዘሉበት አንቀልባ ነው፤ ቆዳው በቅቤ ታሽቶ እንደ አዲስ ለስልሷል። «ሻንጣዬ ውስጥ መጀመሪያ የምከተው ይሄን ነው» አሉኝ። እኔ ምን ብላቸው ጥሩ ነው? «እማማ፣ ስለ አንቀልባም ስለ ልጅዎ መውለድም እዚያ አንድ ቃል እንዳይተነፍሱ» አልኳቸው። አንቀልባውን ጠቅልለው ከነጠላቸው ሥር ደበቁት፤ የሰረቁት ይመስል።

ያስቸገራቸው ዛፉ ብቻ ነው። የሚኒሶታ ዛፍ ቀይ ጥድ ነው፤ የኖርዌይ ጥድ ይሉታል።

«ኖርዌይ የት ነው?»

«ሌላ አገር ነው፣ እማማ። አውሮፓ።»

«ዛፉ ከዚያ የመጣ ነው?»

«አይደለም፣ እዚያው ሚኒሶታ የበቀለ ነው። ስሙ ብቻ ነው።»

«አይ የእነሱ ነገር! የራሳቸውን ዛፍ በሰው አገር ስም ይጠሩታል። የእኛ ባህር ዛፍ ደግሞ ከሰው አገር መጥቶ የእንጦጦ ሆነ።» በቃ፣ ከዚያ በኋላ ዛፍ ስላቸው ባህር ዛፍ ይላሉ። አሥር ጊዜ አረምኳቸው፤ አሥር ጊዜ ባህር ዛፍ አሉ። አንድ ቀን ትዕግሥቴ አልቆ ጠረጴዛውን በእጄ መታሁና፣ «እማማ፣ በዚህ አያያዝዎ ይወድቃሉ!» አልኳቸው። ባለቤቴ ቢላዋዋን አስቀምጣ በዓይኗ ገሠጸችኝ። እሳቸው ደብተራቸው ላይ አቀርቅረው «ጥድ፣ ጥድ፣ ጥድ» ብለው ጻፉ።

አሁን ወደ ደብዳቤው ልምጣ። ስሸሸው ነው የቆየሁት።

ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው ልጅቷ አንድ ሌላ ወረቀት በስልክ ላከችልኝና አሳተምኩት። የሚከታተላት ሐኪም የጻፈው ነው። የምትወልድበትን ጊዜ ይገልጻል፤ የደም ግፊት እንዳለባትና በቀዶ ሕክምና ልትወልድ እንደምትችል ይናገራል፤ ባሏ በሥራው ምክንያት ከቤት እንደሚርቅ ይጠቅስና እናቷ አጠገቧ ብትሆን ለጤናዋ ይበጃል ይላል። እማማ እንግሊዝኛ አያነቡም። «የሐኪሙ ወረቀት ነው፤ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል» አልኳቸው። እውነትም መጀመሪያ አስገብቼው ነበር።

ከቀጠሮው ዋዜማ ፋይሉን ስፈትሽ ያ የባለሱቁ ነገር ከነከነኝ። አገር ጎብኚ ነኝ የሚል ሰው የአራስ ቤት ደብዳቤ ይዞ ይቀርባል? ይሄን ሁሉ ሳምንት ያጠናነው ገደል ገባ ማለት ነው። ወረቀቱን ከፋይሉ አወጣሁት።

ባለቤቴ አየችኝ። «ምን እያደረግህ ነው?»

«ይሄ ይጎዳቸዋል።»

«እውነቱ እኮ እሱ ነው! እናት ልጄን ላርስ ማለቷ ምኑ ነውር ነው?»

«አንቺ ስለ ፕሮሰስ ምን ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«አንተስ?» አለችኝ።

ወረቀቱን አትላሴ ውስጥ፣ ሰሜን አሜሪካ ያለበት ገጽ ላይ አድርጌ ዘጋሁት። ጠዋት መልሼ አስገባዋለሁ ብዬ ነበር፤ አላስገባሁትም። ለእማማም አልነገርኳቸውም።

በማግስቱ ታክሲ ይዤ እስከ በሩ ሸኘኋቸውና ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ጠበቅሁ። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተው ወጡ። ፋይሉን ደረታቸው ላይ አቅፈውታል፤ ነጠላቸው ከአንድ ትከሻቸው ወርዶ መሬት ይጎትታል። ሳይነግሩኝ ገባኝ።

«ወደቅሁ፣ መምህር» አሉኝ። «አሳፈርኩህ።»

ታክሲ ውስጥ ሁሉንም ተረኩልኝ። የጠየቀቻቸው ወጣት ሴት ናት፤ መነጽር አድርጋለች፤ አጠገቧ አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው አለ። ለምን ትሄጃለሽ አለቻቸው፤ አገር ልጎበኝ አሉ። ምኑን አለቻቸው። እማማ ጀመሩ፤ ሐይቁን አሉ፣ ወፏን አሉ፣ አበባውን አሉ፣ ወተቱን ሳይቀር አሉ። ሴትየዋ መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር፤ እየቆየች ግን ፈገግታዋ ጠፋ።

«ዛፉ ላይ ስደርስ ባህር ዛፍ ብዬ ቀረሁ» አሉ እማማ። «እሱ ነው የጣለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ልጅሽ ደህና ናት? አለችኝ። ደህና ናት አልኳት። ልጅ አላት? አለችኝ። የላትም አልኳት፤ እንዳልከኝ። ሌላ የምታሳዪኝ ወረቀት አለ? አለችኝ። ሁሉም እዚያው አለ ብዬ ፋይሉን ሰጠኋት። አገላበጠችው። ሌላ የለም? ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። የለም አልኩ። ክፉ ሰው አይደለችም፣ መምህር። ቆይታ ቆይታ ነው የከለከለችኝ። ዛፉን ብመልስላት ኖሮ ትሰጠኝ ነበር።»

ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ። ከኤምባሲው እስከ የካ አባዶ መንገዱ ረጅም ነው፤ ታክሲው ተጨናንቆ ይቆም ነበር፤ ለመናገር ጊዜ ሞልቶ ተርፎ ነበር። እኔ ግን በመስኮት ሕንፃ እቆጥር ነበር። ለራሴም፣ «ዛሬ አዝነዋል፤ ነገ እነግራቸዋለሁ» አልኩ።

ያ ነገ በዚያው ምሽት በስልክ መጣ። እማማ ልጃቸው ስትደውል ስልኩን ይዘው ወደ እኛ ወጡ፤ እኔ እንዳስረዳት ፈልገው ነው። ድምፁ ለሁላችንም ይሰማል።

«እማዬ፣ የሐኪሙን ደብዳቤ አይታዋለች?» አለች ልጅቷ።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «አይታዋለች አይደል፣ መምህር?»

ባለቤቴ ምግብ ማቅረቧን ትታ ቆመች። አሁን ይናገራል ብላ ነው። እኔ የማየው የእማማን ፊት ነበር፤ እንደዚያ የሚያምነኝ ፊት ከየት አመጣለሁ? አፌ ራሱ ተናገረ።

«ሁሉንም ወረቀት አይታለች» አልኩ።

ልጅቷ ቀስ ብላ፣ «እሱን አይተው ከከለከሉሽማ ተስፋ የለውም። በቃ እማዬ፣ ይቅር። ለሁለተኛ ጊዜ እንዳያስለቅሱሽ» አለች። ለመውለድ ገና ሁለት ወር ይቀራት ነበር። እውነቱን ብናገር ኖሮ በማግስቱ አዲስ ቀጠሮ እንጠይቅ ነበር፤ ደብዳቤው በእጃችን ነው፤ አስቸኳይም የሚያሰኝ ነው። ይሰጧቸው ነበር ብዬ መማል አልችልም። መሞከሪያቸውን የቀማኋቸው ግን እኔ ነኝ። በዋዜማው በደብዳቤው ያደረግሁትን የዋህነት ነው ልትሉልኝ ትችላላችሁ። ማታ የተናገርኩት ቃል ግን ሌላ ስም የለውም፤ ውሸት ነው።

ባለቤቴ ያን ዕለት አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ። «እኔ አልናገርብህም። አንተው ትነግራቸዋለህ።» ልጅቷ እስክትወልድ ሁለት ወር ሙሉ፣ ማዕድ በቀረበ ቁጥር ይቺን ቃል አብሬ በላኋት።

ልጅቷ በቀዶ ሕክምና ወለደች። ሴት ልጅ ናት። እማማ ደረጃው ላይ ሆነው ሦስት ጊዜ እልል አሉ፤ የሕንፃው ሴቶች ተቀበሏቸው። ባለቤቴ ገንፎ አገነፋች። አራሷ በሌለችበት፣ ገንፎውን መሐል አስቀምጠን ዙሪያውን ከበብነው፤ ስልኩን በርበሬና ቅቤው አጠገብ አቆምነው። ልጅቷ በስልኩ መስታወት ውስጥ ፈዛዛ ሆና ታየች። ባሏ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ በሳምንቱ ወደ መንገዱ ተመልሷል።

«እማዬ፣ ይሸተኛል» ብላ ቀለደች። ሕፃኗ አለቀሰች። ልጅቷ ልታነሣት ስትነሣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ በሌላው ግድግዳ ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ ነው የተነሣችው። እማማ ሳያውቁት እጃቸውን ወደ ስልኩ ዘረጉ፤ ሊደግፏት። ጣታቸው መስታወቱን ነካና ምስሉ ጠፋ። «ምን ነክቼ ነው? ምን ነክቼ ነው?» እያሉ ተርበተበቱ። ማንኪያዬን አስቀምጬ ተነሥቼ ወጣሁ።

ሕፃኗ ክርስትና ከተነሣች በኋላ፣ ወሩ በገባ በሃያ አንድ፣ እማማ እንጦጦ ማርያም እንድሸኛቸው ለመኑኝ። ከየካ አባዶ መገናኛ፣ ከመገናኛ ስድስት ኪሎ፣ ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያ ሽቅብ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ደብዳቤውን ከአትላሱ አውጥቼ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። ለምን እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ ለማርያም ላሳያት ይሆናል።

ከቅዳሴ በኋላ ከግቢው ወጣ ብለን ጥላ ሥር ተቀመጥን። ብርድ ነበር። እማማ ተወልደው ባደጉበት አየር ፊታቸው ፈካ ብሎ ነበር።

«መምህር፣ ዛሬ ተሳልኩ» አሉኝ።

«ምን ብለው?»

«ልጄ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና እንሞክር ብላለች። የልጅ ልጄን ዳዴ ስትል ልድረስባት። እመቤቴ ሆይ፣ በዚያች ሴትዮ ፊት ዛፉን እንዳልረሳ አድርጊኝ፣ እኔም ጥላ አገባልሻለሁ ብዬ ተሳልኩ።» ከነጠላቸው ሥር ያቺን ደብተር አወጡ። ጠርዟ ተበልቷል። «በል ጠይቀኝ። ሁሌ ማታ ማታ አጠናለሁ። አሁን አልሳሳትም።»

እግዚኦ! ሰው ለጤናው ይሳላል፤ ለልጅ ይሳላል። እሳቸው እኔ ለጫንኩባቸው ለማይረባ ጥድ ተሳሉ። ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልኩም።

«እማማ፣ በዛፉ አይደለም የወደቁት» አልኩ። «በእኔ ነው።»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ከፋይሉ ማውጣቴን፣ አትላሱን፣ ስልኩ ላይ የዋሸሁትን። ሳላስተባብል ለመናገር ሞከርኩ፤ ግን ሁለት ጊዜ «ለእርስዎ ብዬ ነው» ማለቴ ትዝ ይለኛል። እሳቸው አላቋረጡኝም። ስጨርስ እጃቸውን ዘረጉ።

«ወረቀቱ አለህ?»

ሰጠኋቸው። አዩት፤ ገለበጡት፤ መለሱልኝ። «አንብብልኝ።»

ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። እናቷ አጠገቧ ብትሆን የሚለው ላይ ስደርስ፣ «እሱን ድገመው» አሉኝ። ደገምኩት።

«እናቷ ብቻ ነው የሚለው? ወይስ ስሜን ጽፏል?»

«ስምዎን ጽፏል።»

«የቱ ጋ?»

በጣቴ አሳየኋቸው። እማማ በሌባ ጣታቸው ስማቸው ላይ ሄዱበት፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሰው።

«ሰውየው በስሜ ጠርቶኛል» አሉ። «የማላውቀው ሐኪም፣ በስሜ ጠርቶኝ፣ እኔ ቀረሁ።»

ከዚያ ነው ቁጣቸው የመጣው። ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም ነበር። «አንተ ሰው! ልጄ የተቀደደ ሆዷን ይዛ ግድግዳ ስትደገፍ እኔ እዚህ የእንጉዳይ ስም እሸመድዳለሁ? ልጅሽ ደህና ናት ወይ ብላ ስትጠይቀኝ፣ እንዲህ ፊቴን እያየች፣ ደህና ናት አልኩ እኮ! ደህና አይደለችም፣ ልጄ ፈርታለች ልላት አፌ ላይ ነበር። አንተን ፈርቼ ዋጥኩት። መምህር ይቆጣኛል ብዬ!» ደረታቸውን በጡጫቸው መቱ። የሚያልፉ ምእመናን ዞረው አዩን። አንዲት ሴት ሰው የሞተባቸው መስሏት «እግዜር ያጽናዎት» ብላ አለፈች።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አላነሡኝም። ራሴ ስነሣ ዳገቱን መውረድ ጀምረው ነበር። ከኋላቸው ተከተልኩ።

«ለልጅዎ እኔው ልንገራት» አልኳቸው። «ይደውሉልኝና እኔው ልናዘዝ።»

ቆሙ። ሳይዞሩ ነው የመለሱልኝ።

«አትነግራትም። እሷ አሁን ፈረንጆቹ ናቸው የከለከሉኝ ብላ ታምናለች፤ ያ ይቻላል፤ የሩቅ ሰው ነው። የእናቴ ጎረቤት፣ አለላት ብዬ የተማመንኩበት ሰው ነው ያስቀረብኝ ከምትል ይሄ ይሻላታል። እኔ እዚህ ብቻዬን ነኝ። ከእንግዲህ ማንን አምና ትተኛለች? አፍህን ያዝ።»

እንዳሉት አደረግሁ። ሦስት ሳምንት አላናገሩኝም። ደረጃ ላይ ስንገናኝ እግዜር ይመስገን ብለው ያልፋሉ፤ ለባለቤቴ ግን እንደ ወትሮው ነበሩ። ደብተራቸው አንድ ቀን በራችን ሥር ተቀምጣ ተገኘች። የመጨረሻው ገጽ ላይ ከዳር እስከ ዳር በትልልቅ ፊደል ጥድ፣ ጥድ፣ ጥድ ይላል። ልጥላት አልቻልኩም፤ አትላሱ ላይ አስቀመጥኳት።

ያለፈው እሑድ በሩ ተንኳኳ። እማማ ናቸው፤ ስልኩን በእጃቸው ከፍ አድርገው ይዘዋል።

«ልጄ ልታናግርህ ትፈልጋለች» አሉኝ። ፊታቸው ቁጣም ይቅርታም አያሳይም።

ስልኩ ውስጥ ልጅቷ ትስቃለች። ሕፃኗን አዝላታለች፤ በሻሽ ነው ያሰረቻት፤ አንቀልባው እዚህ ቀርቷልና። ከኋላዋ በመስኮት በረዶ ይታያል፤ በረዶው መሐል አንድ ረጅም ዛፍ ቆሟል።

«መምህር፣ እንዴት ነዎት? ላመሰግንዎት ስፈልግ ብዙ ጊዜዬ ነው። እማዬ በስልክ ልጄን እሹሩሩ ስትልልኝ ያቺን ልጇን የምታዝል ወፍ ትጨምርበታለች፤ እሷን ካልሰማች አትተኛም። በመስኮቴ የማየው ዛፍ ምን እንደሆነ እንኳ የነገረችኝ እማዬ ናት። ይህን ሁሉ እርስዎ ነዎት ያስተማሯት። ባይሳካም በጣም ደክመውላታል። እግዜር ይስጥልኝ።»

ቀና አልኩ። እማማ ዓይኔን አያዩም፤ ዓይናቸው አፌ ላይ ነው። ባለቤቴ ከጓዳው በር ላይ ቆማለች።

«አብሮ ይስጠን» አልኩ።